ሰናፍጭ ፍለጋ፤ ከቻይና ምግብ እስከ መካነ ሰላም ጓሮ

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። ከመካከላችን አንዱ ደመወዝ ተቀብሎ ስለነበር ያለወትሮው እጁ ተፈታና የቻይና ምግብ አዘዘልን። ኑድሉ መጣ። ጣፋጭ ኮምጣጣው ዶሮ መጣ። በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ የተጠበሰው አትክልትም መጣ። የአኩሪ አተር ሶሱ እንኳ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ከች አለ። ልንጀምር ስንል ግን ዋሽንግተን አምስት ዓመት ኖሮ የተመለሰው ጓደኛችን እጁን ሰበሰበና «ቢጫውስ?» አለ።

«የቱ ቢጫ?»

«ማስታርዱ ነዋ! የሚያቃጥለው! እዚያ ማዶ የቻይና ምግብ ያለሱ አይቀርብም። አንዲት ጠብታ አፍንጫህን ሰንጥቃ አናትህ ላይ ትወጣለች። የሠራኸውን ኃጢአት በሙሉ ታስታውሳለህ።»

ኃጢአታችንን ለማስታወስ ጓጓንና ፍለጋ ወጣን። ሦስት ሱፐርማርኬት አዳረስን። ያገኘነው ሆት ዶግ ላይ የሚጨመቀውን ቢጫ ማስታርድ ነው። ቀምሰነው ምንም አላስታወሰንም። ለነገሩ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እሱ የሚሠራው ለስላሳ ከሆነው ነጭ ሰናፍጭ ነው፤ ኮምጣጤ በብዛት ይገባበታል፣ ቢጫነቱንም የሚሰጠው እርድ ነው። ቀለሙ ጮኾ ጣዕሙ የሚያንሾካሹክ ነገር ነው።

ባዶ እጃችንን ስንመለስ የጓደኛችን እናት ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ማዘር የመካነ ሰላም ሰው ናቸው። አዲስ አበባ የመጡት ለሕክምና ነበር፤ «አሥራ አምስት ቀን ብቆይ ነው» ብለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ፣ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ «ዛሬ ነገ» እያሉ ቀሩ። ወሬያችንን ሰሙና ሳቁ።

«ወየው ልጆቼ! ይሄ ሁሉ ሩጫ ለሰናፍጭ ነው? አብሽሩ!»

ጓዳ ገብተው ትንሽ ቋጠሮ ይዘው ወጡ። በነጠላ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሯል። ሲፈቱት ከጤፍ ከፍ የምትል፣ ድቡልቡል፣ ጠቆር ያለች ዘር ወጣች። ከደጃፋቸው የጓሮ መሬት የተለቀመች ናት። ግማሹን ለኛ ከፍለው ሰጡንና ግማሹን መልሰው ቋጠሩት። እኛ በሆዳችን «ማዘር ቆጥበዋል» አልን። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ዘሩን በቡና መፍጫ ፈጨነው። የፈላ ውሃ ልንጨምርበት ስንል ማዘር ብድግ አሉ፤ «ኧረ ሙቅ ውሃ ይገድለዋል!» ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ በማንኪያ አሹት፣ ጨው ነሰነሱበት፣ ሳህን ደፉበትና «እንግዲህ ተጫወቱ» አሉን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሳህኑ ተነሣ። መጀመሪያ የቀመሰው የዋሽንግተኑ ልጅ ነው። ለግማሽ ደቂቃ ያህል መናገር አልቻለም። እንባው እየወረደ ያወጣት ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «ቢጫው!»

ቢጫ እንኳ አልነበረም፤ አመድማ ቡኒ ነው። እሳቱ ግን ያው ነው።

* * *

ያን ቀን ከበላን በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘን። ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ስንዞርለት የዋልነው ነገር ከመካነ ሰላም በመጣ ቋጠሮ ውስጥ ምን ይሠራል?

መካነ ሰላምን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከደሴ ወደ ምዕራብ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ የሚዘልቀው መንገድ የሚያደርስባት የቦረና ከተማ ናት። ወደ 2600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከሷ ወዲያ መሬቱ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ስሟ የሰላም ቦታ ማለት ነው፤ የዚህን ሁሉ እሳት ምንጭ የሰላም ቦታ ማለት የኛ አገር ቀልድ ነው። ደግሞም የደጋ ሰው ጓሮ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ፍግና አመድ የሚደፋበት ለም መሬት አለ። በዚያ መሬት ላይ ከሚበቅሉት አንዱ ጎመንዘር ነው። ከ2200 እስከ 2800 ሜትር ባለው ደጋ ይስማማዋል፤ መካነ ሰላም ልኩ ናት ማለት ነው።

ከተሜዎቹ እኛ ሰናፍጭ የሚለውን ቃል የምናውቀው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሥጋ ቤት ነው፤ ከጥሬ ሥጋው ጎን ከአዋዜ ጋር የምትቀርበዋ። ሁለተኛው ወንጌል ነው፤ ከዘር ሁሉ ያነሰችው፣ ያደገች ጊዜ ግን ወፎች የሚያርፉባት ቅንጣት። በግዕዙ ወንጌል ስሟ ሰናፔ ነው፤ በግሪኩ ሲናፒ። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ስትሰሟቸው ዝምድናው ወዲያው ይታወቃችኋል።

ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ወንጌል ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል። በርበሬን ደግሞ አስቡት። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከመሻገሩ በፊት ከዚያ ወዲህ ባለው ዓለም የበርበሬ ዘር አልነበረም። «ያለ በርበሬ ሐበሻ የለም» የምንለው እኛ፣ ታሪካችንን ካየነው ያለ በርበሬ የኖርንበት ዘመን ከበርበሬ ጋር ከኖርንበት በብዙ ይበልጣል። ዛግዌዎች በርበሬ አልቀመሱም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በርበሬ አልቀመሱም። ሰናፍጭ የሚለው ቃል ግን በብራናችን ላይ በርበሬ ከመምጣቱ በፊት ወደ ሺሕ ዓመት ገደማ ቆይቷል። በብራና ላይ ያለ ቃል ሁሉ በገበታ ላይ ነበረ ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም በሚያቃጥሉት ቅመሞቻችን ሰልፍ ውስጥ በርበሬ ኋላ የመጣ እንግዳ መሆኑን ሥጋ ቤት ስትገቡ አስታውሱልን።

* * *

እዚህ ላይ ስሙን እናጥራ፤ ገበያ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይደናገራልና። በአገራችን ሁለት ተክሎች አሉ። አንደኛው ጥቁር ሰናፍጭ ነው፤ በብዙ የዓለም ክፍል የሚገኘው። ሁለተኛው ጎመንዘር ነው፤ የኛው። ቅጠሉ የሐበሻ ጎመን ነው፤ እሁድ እሁድ ከአይብ ጋር የምትበሉት። ዘሩ ደግሞ ሲፈጭና በውሃ ሲታሽ ሰናፍጭ ይሆናል። ስለዚህ ሰናፍጭ የተክልም፣ የወጡም ስም ነው። ማዘር «ጎመን ዘር» እያሉ ይዘውት መጥተው «ሰናፍጭ» እያሉ ያቀረቡልን ለዚህ ነው።

የጎመንዘርን ያህል ሥራ የበዛበት ዘር በደጋ ቤት አናውቅም። ቅጠሉ ይቀቀላል። ዘሩ ተቆልቶና ተፈጭቶ ምጣድ ይታሰስበታል፤ እንጀራው የማይጣበቀው በእሱ ነው። ሆድ ሲነፋ ይጠጣል። ለፍስክ ከጥሬ ሥጋ ጋር ይቀርባል። ለጾም ደግሞ ስልጆ ውስጥ ይገባል።

ስልጆ የሚገባውን ክብር ያላገኘ ምግብ ነው። ሱፍ ተፈልቶ ይጨመቅና ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣዋል። የባቄላ ዱቄት ይገባበትና እንደ ገንፎ ይበስላል። ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ ይጨመርበትና ለቀናት ይቀመጣል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጤና አዳሙ ይከተላል። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በኢትዮጵያ የሚብላሉ ምግቦችን ተሕዋስያን ሲያጠኑ ስልጆንም መርምረውታል። ሰናፍጩ ለማቃጠል ብቻ እንዳልገባ፣ ማብላላቱን የሚጀምሩትን ባክቴሪያዎች ይዞ እንደሚገባም ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ተምረናል። ፈረንጅ ለእርጎ እርሾ ይገዛል፤ የኛ እናቶች ሰናፍጭ ይነሰንሳሉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራ ዘር ለምን ተናቀ? የኛ ግምት ይኼ ነው። ጎመን የክረምት ምግብ ነው፤ ጎተራው ሲራቆት፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ በፊት ቤተሰቡን የሚያሻግረው እሱ ነው። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ያሻገረን ድስት ነው «ውጣ» የሚባለው! የወሎ ሰው በተለይ የጎመንን ዋጋ ያውቃል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ የጓሮ ቅጠል ምን ማለት እንደነበር ማዘር ያወራሉ፤ ያኔ ሕፃን ነበሩ። የችግር ዘመን ያስታውሳልና ሰው ደህና ቀን ሲመጣለት መጀመሪያ የሚረሳው ያንን ነው። ከዚያም ልጁ ከተማ ገብቶ ደመወዝ ሲበላ፣ ያንኑ ነገር በላስቲክ ተቋጥሮ ከቻይና ምግብ ጋር ሲመጣለት «ዋው» ይላል። ልጁ እኛ ነን።

* * *

የቻይናውን ነገርም እናንሣ። የዋሽንግተኑ ጓደኛችን ቅር እንዳይለው እንጂ፣ ያ በላስቲክ የሚመጣው ቢጫ ማስታርድ የአሜሪካ የቻይና ምግብ ቤቶች ልማድ ነው። ቻይናዎቹ ሰናፍጭ የሚያውቁት ሌላ ዓይነት ነው። የቤይጂንግ ሰው በክረምት ጎመን ጠቅልሎ በሰናፍጭ ይበላል፤ እንደኛው ሰው ያለቅሳል፣ እንደኛው ሰው ደግሞ ይጎርሳል። የሚጠቀሙበት ዘር ቡናማው ሰናፍጭ ነው።

ቻይናና ወሎም ከኑድል በፊት ይተዋወቃሉ። ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ኅዳር 1970 ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሚቀጥለው ዓመት ቤይጂንግ ሄደው ማኦን አግኝተዋል። ከወልዲያ ወረታ የሚወስደውን መንገድ በ1970ዎቹ የሠሩት የቻይና መሐንዲሶችና ሠራተኞች ናቸው፤ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው አለ። መካነ ሰላም በዚያ መንገድ ላይ አይደለችም። ግን ያኔ ከድንኳናቸው ወጥተው በየገበያው ሲያልፉ፣ ሰናፍጭ የሚቸረችሩ ሴቶች ፊት ቆመው ይሆን? ብለን ማሰብ አልተውንም።

ቢቆሙ ኖሮ ዘመድ ያገኙ ነበር። ይህን ያወቅነው ናጋሃሩ ዩ ከሚባል ሰው ነው።

ናጋሃሩ ዩ እ.ኤ.አ. በ1898 ቶኪዮ ውስጥ ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት ተወለደ። ኮሪያዎች ዉ ጃንግ ቹን ይሉታል። በ1935፣ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዓመት፣ ስለ ጎመን ዘሮች ዝምድና አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ ዛሬም «የዩ ሦስት ማዕዘን» እየተባለ በዓለም ዙሪያ ይማሩበታል። ሐሳቡ በቀላሉ ይህ ነው። ሦስት ወላጆች አሉ። ጥቁር ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። የጥቅል ጎመን ዘር 9 ጥንድ አለው። የቻይና ጎመን ዘር ደግሞ 10 ጥንድ አለው። እነዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ተዳቅለው ሦስት ልጆች ወለዱ። 8 እና 10 ሲደመር 18፤ ይህ የእስያው ቡናማ ሰናፍጭ ነው። 9 እና 10 ሲደመር 19፤ ይህ ዘይት የሚጨመቅበት የፈረንጅ ጎመንዘር ነው። 8 እና 9 ሲደመር 17፤ ይህ ደግሞ የኛው ጎመንዘር ነው።

አያችሁልን? የቻይናው ሰናፍጭና የመካነ ሰላሙ ጎመንዘር በጥቁር ሰናፍጭ በኩል የሚገናኙ ወንድማማች ናቸው። ግማሽ ደማቸው አንድ ነው። ምላሳችን ላይ የተሰማን እሳት አንድ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጨዋታ ጨዋታን ያመጣዋልና አንድ ነገር እንጨምር። ናጋሃሩ ዩ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ አባቱ አገር ኮሪያ ገባና በቡሳን የእርሻ ምርምር መራ። በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከመርከብ የወረደው እዚያው ቡሳን ወደብ ነው። ጎመን በልተው ያደጉት ወታደሮቻችንና የጎመናችንን የዘር ሐረግ ያወቀው ሰው በአንድ ከተማ አየር ተንፍሰዋል። ተገናኙ አንልም። እኛ ግን ይህን ስናነብ አንዴ ቆም ብለናል።

* * *

አሁን ቤታችሁ ለመሞከር ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። የማዘር ሙያ ከሳይንሱ ጋር ሲገጥም የሚሆነውን እንንገራችሁ።

የሰናፍጭ ዘር ሳይነካ ቢያኝኩት እንኳ መጀመሪያ አያቃጥልም። በውስጡ ሁለት ነገሮች ለየብቻ ተቀምጠዋል። አንዱ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኤንዛይም። ዘሩ ሲሰበርና ውሃ ሲነካው ሁለቱ ይገናኙና አሊል አይሶታዮሲያኔት የሚባለው የሚያቃጥል ዘይት ይወለዳል። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለኛ ብሎ አይደለም፤ ለሚያኝከው ነፍሳት ነው። እኛ ግን ወደድነው።

ዘይቱ የሚተን ነው። ለዚህ ነው በርበሬ ምላስ ላይ ሲቀመጥ ሰናፍጭ አፍንጫ ውስጥ የሚሮጠው። በርበሬ ቆይቶ ያቃጥላል፣ ቆይቶም ይለቃል። ሰናፍጭ ግን እንደ ክረምት መብረቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ሙቅ ውሃ የሚገድለው ኤንዛይሙን ነው። ኤንዛይሙ ከሞተ እሳት የለም፤ የሚተርፈው መራራነት ነው። ዘሩን አጥብቆ መቁላትም እንዲሁ ነው። ለምጣድ ማሰሻ የተቆላው የማያቃጥለው፣ ለሰናፍጭ የሚፈጨው ጥሬው የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው። ማዘር ኤንዛይም የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም። «ይገድለዋል» ያሉት ግን ቃል በቃል ትክክል ነው።

ስለዚህ፦ ዘሩን ገለባና ጠጠር ለቅማችሁ አጽዱ። ጥሬውን አድቅቃችሁ ፍጩና በወንፊት ንፉ። ለሁለት ማንኪያ ዱቄት አንድ ማንኪያ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት፤ ካነሰ ጨምሩ። ክደኑትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ጨው አድርጉበት። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ የምትወዱ ከሆነ መጨረሻ ላይ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ እሳቱ ሳይነሣ ይታፈናል፤ ከተነሣ በኋላ ከገባ ግን ያቆየዋል። ዘይትና ነጭ ሽንኩርት እንደ ቤታችሁ ልማድ። የዛሬው ለዛሬ ነው፤ ነገ ግማሽ ጉልበቱ የለም። ስትከፍቱት ደግሞ ፊታችሁን አታስጠጉ። አስጠግተን አይተነዋል።

* * *

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ደስ ይላል። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ያሳስባል።

ጎመንዘርን ሌላው ዓለም ከኛ በፊት ሥራ ላይ አውሎታል። ሩስያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ዘር ሰበሰበ፤ ራስ ተፈሪንም አገኘ። ኢትዮጵያን የሰብል ምንጭ ከሆኑት ጥቂት የዓለም ማዕከላት አንዷ ያላት እሱ ነው። በ1976 በጀርመኖች እርዳታ አዲስ አበባ ውስጥ የዘር ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማለት ነው። የኛም ተመራማሪዎች አልተኙም። ጎመንዘር ዘይቱ ኢሩሲክ አሲድ ስለሚበዛበት ለምግብነት ይታማ ነበር። ጌትነት አለማው የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከካናዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን አሲድ የሌለው ጎመንዘር ማውጣታቸውን በ1994 አሳተሙ። እንዴት አወጡት? አሲዱ ከሌለው ከእስያው ሰናፍጭ ጋር አዳቅለው! ወንድማማቾቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተገናኙ።

ለምግብ የማይፈለገው አሲድ ደግሞ ለነዳጅ ይፈለጋል። ጥቅምት 2012 ላይ ኦታዋ ውስጥ አንዲት አነስተኛ ጄት ምንም የማዕድን ዘይት ሳይቀላቀልበት ከጎመንዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረች። በጥር 2018 የኳንታስ ቦይንግ 787 ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር፣ ከነዳጁ 10 በመቶው ከዚሁ ዘር ነበር። እኛ ምጣድ የምናስስበት ዘር ፓሲፊክን አሻግሯል። በፈረንጅኛ ስሙም «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ነው። ስሙ አልተቀየረም፤ ባለ ስሞቹ ግን ሱፐርማርኬት ገብተን «ማስታርድ አላችሁ?» እንላለን።

ስለ ዘር ባለቤትነት ሲነሣ ጤፍን ያየ አይረሳም። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፤ ከዚያ የባለቤትነት መብት ክርክር መጣ፤ መብቱን የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ እውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ጥሩ ነው። አዋጅ ግን «ሙቅ ውሃ ይገድለዋል» የሚለውን አያስተምርም። ያንን የሚያስተምሩት እነ ማዘር ናቸው፤ እነሱም የሚያስተምሩት ሲጠየቁ ነው። እኛ ሃያ ምናምን ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

* * *

አሁን ወደ ቋጠሮው እንመለስ።

በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ የቻይና ምግብ ታዘዘ፤ በዚህ ጊዜ አዋጥተን ነው። ማዘር ዘንድ ሄደን ያቺን የቀረችውን ግማሽ ለመንን። ማዘር እምቢ የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን «አይሆንም ልጆቼ» አሉን።

«ለምን እማዬ?» አለ ልጃቸው። «ትንሽ እኮ ናት።»

«ትንሽ ስለሆነች ነዋ። ያቺ ለዘር ናት። መንገዱ ሲከፈት ይዣት እገባለሁ። ጓሮው ሁለት ክረምት ሳይዘራ አለፈ። ዘሩን የበላ ከርሞ ምን ይዘራል?»

ዝም አልን። የቫቪሎቭን መጨረሻ ያነበብነው በዚያው ሳምንት ነበር። ዓለምን ዞሮ ዘር የሰበሰበው ሰው እ.ኤ.አ. በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመኖች ስትከበብ፣ እሱ የሰበሰበውን ዘር ይጠብቁ ከነበሩት ባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ሩዝና ስንዴ በተሞላ ክፍል አጠገብ በረሃብ ሞቱ። ዘሩን አልበሉትም። ያንን ስናነብ «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብለን ነበር። ለካ ከነሱ ዓይነት ሰው ጋር በአንድ ሳሎን ቡና ስንጠጣ ከርመናል።

የዛሬ እሁድ የሰናፍጫችን ዘር ከመርካቶ ነው የመጣው። ቅመም ተራ ገብታችሁ «ሰናፍጭ» ካላችሁ ይሰጧችኋል፤ ሱፐርማርኬት ከምናወጣው ጋር ሲተያይ ዋጋው ዋጋ አይባልም። ማዘር ቀመሱትና «ደህና ነው፤ የኛን ግን አያህልም» አሉ። ይህን ሁሉም እናት ስለ አገሯ ጎመን ትላለች፤ እኛ ግን አመንናቸው።

ቋጠሮዋ አሁንም ሳጥናቸው ውስጥ አለች።